ኮሸሽላ ሁሉ አንድ አይደለም

«ኮሸሽላ» የሚለው የአማርኛ ስም ቅጠሉ ሾህ ያወጣውን ተክል ሁሉ ያለ ልዩነት የሚጠቀልል መጠሪያ ነው። ስም ሲደበላለቅ ዕውቀትም አብሮ እንደሚጠፋ ይህ ዓምድ ደጋግሞ የተከራከረ ሲሆን፣ በዚህ ሳምንት ከአንድ የወል ግጦሽ ተነቅሎ ለእሳት በተከመረ አረም መካከል የቀበርቾ ሥር መታየቱ ያንኑ ክርክር ቀስቅሶታል።

ቀበርቾ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኤኪኖፕስ ከበሪቾ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይበቅል፣ ወፍራም ሥሩ ደርቆ ቤት የሚታጠንበትና በየገበያው የሚሸጥ መድኃኒት ነው፤ ሥሩ ሲወጣ ተክሉም ስለሚሞት፣ በከንቱ የተነቀለው እያንዳንዱ ሥር እውነተኛ ጉዳት ነው። የኤኪኖፕስ ወገን አበባው እንደ ኳስ ድቡልቡል በመሆኑ ከሩቅ ይለያል። አበባቸው ሾሃም እቅፍ ላይ የተቀመጠ ሐምራዊ ብሩሽ የሚመስለው ሲርሲየምና ካርዱስ ግን እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ፣ ከደረቀው አበባ ፍሬውን አውጥቶ አናቱ ላይ ያለውን ነጭ ጸጉር ወደ ብርሃን አቅርቦ ማየት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ጸጉር እንደ ላባ ግራና ቀኝ ቅርንጫፍ ካለው ሲርሲየም፣ ልሙጥ ክር ከሆነ ደግሞ ካርዱስ ነው። ቀይ አበባ የሚያወጣው ቁጥቋጦ አካንቱስ ሴኒ፣ እንዲሁም ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ የሚያነባው ከአሜሪካ የመጣው አርጌሞኔ ሜክሲካና፣ ከነዚህ ጋር ቤተሰብም አይጋሩም። በአንጻሩ በጾም ለፍትፍት የሚቀርበው ሱፍ የቀበርቾ የቅርብ ዘመድ ነው።

«ሾህ ሾህ ነው፣ ይነቀል» የሚሉት ወገኖች አረሙን እንኳ በቅጡ አያጠፉትም። በብዙ አገሮች ግጦሽ ያስቸገረው ሲርሲየም ቩልጋሬ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሉን ምድር ላይ ዘርግቶ ይቆይና በሁለተኛው አብቦ፣ ዘሩን በነፋስ በትኖ ይሞታል፤ ስለዚህ ሳያብብ ከሥሩ አንገት በታች መቆረጥ ሲገባው፣ ካበበ በኋላ ታጭዶ መስኩ ላይ ቢጣል አበባው ተቆርጦም ዘር ሊያበስል ይችላል። ከብት ሾሁን ሸሽቶ ሣሩን ብቻ እየጋጠ መሬቱን ሲያራቁትለት ደግሞ ያ ዘር በቀላሉ ይበቅላል።

እንግዲህ የወል ግጦሽ የሚያጸዱ ሁሉ ዶማ ከማንሣታቸው በፊት በአካባቢያቸው ያሉትን ሥር ማሾች መስኩ ላይ ይዘው ይውጡ፤ ቀበርቾውንም እነርሱ ይለዩላቸው።