ያለ ትእዛዝ የሚከፈተው በር የትኛው ነው?

ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሰው ቤትና ግቢ መበርበር ይችላል ወይስ አይችልም? ይህ ጥያቄ ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን፣ በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ፣ በስፖርት ሜዳው ዳር ሳይቀር ሲያከራክረን ሰንብቷል፡፡ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ወረቀት ያልያዘ ፖሊስ ደጃፍም አይረግጥ!» ይላሉ፡፡ ሌሎቹ ደግሞ «ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል? ገብተው ይዩ!» ባዮች ናቸው፡፡ በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የያዙት የነገሩን ግማሽ ነው፡፡ ነገ በየገጠሩና በየከተማው ተበትነን ለምናስተምር ለእኛ ደግሞ ግማሽ እውቀት አይበቃም፡፡

የክርክሩ መነሻ የታወቀ ነው፡፡ ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ጓደኞቻችን ባሉበት ሠፈር አንድ የውኃ መሳቢያ ሞተር ይሰረቃል፡፡ ባለቤቱ በማግሥቱ ለፖሊስ ያመለክታል፡፡ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሁለት ፖሊሶችና ጥቂት ሚሊሺያዎች መንደሩን በተርታ ቤት ለቤት ይዘልቁታል፡፡ የተከራዮች ሻንጣ ተከፈተ፤ ፍራሽ ተገለበጠ፤ የአከራይዋ ማድቤትና የከሰል ማስቀመጫ ሳይቀር ተበረበረ፡፡ ሞተሩ አልተገኘም፡፡ ወረቀት ያሳየ አልነበረም፤ ወረቀት የጠየቀም አልነበረም፡፡

እንግዲህ ከሕጉ እንነሣ፡፡ የቤት መከበር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት እንኳ ሕግ ከሚፈቅደው በቀር የሰው ቤት እንዳይበረበር ደንግጎ ነበር፡፡ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 26 የሰው ቤት፣ ሰውነትና ንብረት ከመበርበር የተጠበቀ መሆኑን ይገልጽና፣ ይህ መብት የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ መሆኑን ይናገራል፡፡ ያ ዝርዝር ሕግ የቱ ነው ቢባል፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፡፡ በአንቀጽ 32 የተቀመጠው ደንብ ግልጽ ነው፤ ይኸውም ፖሊስ የመበርበሪያ ትእዛዝ ሳይዝ የማንንም ስፍራ አይበረብርም፡፡ ስፍራ ሲባል ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ብቻ አይምሰለን፡፡ በአገራችን ኑሮ ጓሮው፣ ማድቤቱ፣ በረቱና ጎተራውም የቤቱ አካል ናቸው፡፡

ከዚህ ደንብ የሚወጡት ሁለት ጉዳዮች ናቸው፡፡

አንደኛው እግር በእግር የመከታተል ጉዳይ ነው፡፡ ወንጀል የሠራ ሰው እየተባረረ አጥር ዘሎ ከሰው ግቢ ቢገባ፣ ወይም የሰረቀውን ዕቃ ወደ ግቢው ወርውሮ ቢሸሽ፣ ፖሊሱ ተከትሎ ይገባል፡፡ ይህን ማንም ልብ ያለው ሰው አይቃወምም፡፡ ሌባው በጓሮ በር ሾልኮ ሲያመልጥ ፖሊሱ ዳኛ ፍለጋ ይሂድ ማለት ቀልድ ነው፡፡

ሁለተኛው ጠበቅ ያለ ነው፤ አራት ነገሮች ባንድነት ሊሟሉለት ይገባል፡፡ አንድ፣ ስለ ወንጀሉ ክስ ወይም አቤቱታ መቅረብ አለበት፡፡ ሁለት፣ ወንጀሉ ከሦስት ዓመት በላይ በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት፡፡ ሦስት፣ ማስረጃ የሚሆነው ዕቃ በዚያ ስፍራ ተደብቋል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ያለው ጥቆማ ለፖሊሱ መድረስ አለበት፡፡ አራት፣ ትእዛዝ እስኪወጣ ቢጠበቅ ዕቃው ከስፍራው ሊወሰድ ይችላል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት መኖር አለበት፡፡ ከአራቱ አንዱ ከጎደለ መንገዱ ወደ ፍርድ ቤት ነው፡፡

ታዲያ የሠፈሩን ብርበራ በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው፡፡ አቤቱታ ቀርቧል፤ ይህ ተሟልቷል፡፡ ስርቆት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ እንደ ሁኔታው እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ስለሚችል ሁለተኛውም ተሟልቷል እንበል፡፡ ሦስተኛው ላይ ግን ነገሩ ይወድቃል፡፡ የትኛው ቤት ነው የተጠቆመው? ጥቆማ ያለበት ሰው አንድ ቤት ይሄዳል እንጂ መንደር ሙሉ አያንኳኳም፡፡ በቀደመው ዘመን ሌባሻይ የሚባል ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር፡፡ ያለ በቂ ምክንያት በር የሚያንኳኳ ሁሉ ከዚያ ልጅ በምን ይለያል? አራተኛውም አልቆመም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጊዜ ነበረና፡፡ በሦስት ቀን ውስጥ ወረዳ ፍርድ ቤት ደርሶ መመለስ ይቻል ነበር፡፡ በዚህ ላይ ፍርድ ቤት በተለይ ካላዘዘ በቀር ሕጉ ለብርበራ የወሰነው ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው፡፡

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ጓደኛችን ያነሳውን ተቃውሞ ሳንጠቅስ አናልፍም፡፡ «እኔ ያደግሁት ገጠር ነው፡፡ ዳኛው ያለው ወረዳ ከተማ ነው፤ መንገዱ በእግር ግማሽ ቀን ይፈጃል፡፡ ፖሊስ ሁልጊዜ ትእዛዝ ይያዝ ከተባለ የተሰረቀ በሬ ታርዶ ይበላል» ብሏል፡፡ እውነት አለው፡፡ ነገር ግን ርቀት ብቻውን በቂ ምክንያት ከሆነ፣ ከከተማ ርቆ የሚኖር ገበሬ በሙሉ ቤቱ ሁልጊዜ ክፍት ነው ማለት ይሆናል፡፡ ልዩ ሁኔታው ደንቡን ዋጠው ማለት ነው! ሕጉ የሚጠይቀው ይህ ዕቃ፣ ከዚህ ቤት፣ አሁን ሊወሰድ ነው የሚያሰኝ ምክንያት ነው፡፡ ያም ቢሆን ሁለት ሰው ግቢውን ከውጭ እየጠበቀ አንዱ ወደ ፍርድ ቤት ቢገሰግስ በሬውም አይታረድ፣ ሕጉም አይጣስ፡፡

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ለሚሉትም መልስ አለን፡፡ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ የሚፈለገው መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ወረቀትና መጽሐፍም ሰውን ያስጠረጥር ነበር፡፡ መጽሐፉን የቀበረና ያቃጠለ ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ነበር እንዴ? ንጹሕ ሰው የሚፈራው የሚፈለገው ነገር ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ነው፡፡ ለዚህም ነው አንቀጽ 33 ትእዛዙ ላይ የሚፈለገው ዕቃ ተለይቶ እንዲጻፍና ፖሊሱ ከተጻፈው ሌላ እንዳይዝ የሚያስገድደው፡፡ በ2009 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ መመሪያም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መበርበርን ፈቅዶ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጊዜ በአዋጅ ተጀምሮ በአዋጅ የሚያልቅ እንጂ የዘወትር ሥራ ሊሆን አይገባም፡፡

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ ጽፏል፡፡ ስለ ቤት መከበር በሚናገረው አንቀጽ 26 ውስጥ ግን ያለ ሕግ ተበርብሮ ስለተገኘ ዕቃ እንዲህ ያለ ቃል አልተጻፈም፡፡ ስለዚህ «ኋላ ፍርድ ቤት ይጥለዋል» ብሎ መተማመን አይቻልም፡፡ መብቱ የሚጠበቀው እዚያው በሩ ላይ ነው፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፡፡

ይህ ሁሉ ለእጩ መምህር ምኑ ነው የሚል ይኖራል፡፡ ምኑ ነው? ማንበብ የማይችል ባላገር ወረቀት ሲመጣበት ይዞ የሚሮጠው ወደ መምህሩ ቤት ነው፡፡ «የኔታ፣ ይህ ምን ይላል?» ይለናል፡፡ ያን ጊዜ የፍርድ ቤቱን ስም፣ ማኅተሙን፣ የቤቱን ባለቤት ስም፣ የሚፈለገውን ዕቃ ለይተን ልናነብለት ይገባል፡፡ ከዚህም ሌላ ፖሊስ ዕቃ ሲይዝ ዝርዝር ይጽፋል፤ ሕጉም በተቻለ መጠን ገለልተኛ ሰው ዝርዝሩን አመሳክሮ እንዲፈርም ይላል፡፡ ያ ገለልተኛ ሰው በየቀበሌው ማን ይመስላችኋል? መምህሩ ነው! «ጋሼ፣ እዚህች ላይ ፈርሙልን» ይባላል፡፡ ዕቃው ከየት እንደወጣ ሳናይ፣ ዝርዝሩን ከዕቃው ጋር ሳናመሳክር የምናኖረው ፊርማ ሰውን ወኅኒ ሊያስገባ ይችላል፡፡ ስለሆነም ያላየነውን አንፈርም፤ ላየነው ደግሞ አንሽሽ፡፡

ፖሊስን ደጃፍ ላይ በድንጋይ መመለስ እንደማይገባ ግን ደግመን እንናገራለን፡፡ ፖሊሱ የሕዝብ ልጅ ነው፤ ከመካከላችን የፖሊስ ልጆችም አሉ፡፡ አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይሉ ነበር፡፡ ይህ ቃል ለሌባውም ለፖሊሱም እኩል ይሠራል፡፡ ባለቤቱ በትሕትና ይጠይቅ፡ «ትእዛዝ ይዛችኋል? ካልያዛችሁ ምክንያቱ ምንድን ነው? የምትፈልጉት ምንድን ነው?» መልሱን፣ ሰዓቱንና የመጣውን ሰው ስም ይጻፍ፡፡ ጉልበት ቢጠቀሙ አይታገል፤ በማግሥቱ ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለፍርድ ቤት አቤት ይበል፡፡ ሴት እኅቶቻችንም የተያዘ ሰው ሰውነት በሚፈተሽበት ጊዜ ፈታሹ ከተፈታሹ ጋር አንድ ጾታ መሆን እንዳለበት ሕጉ ማዘዙን ይወቁ፡፡

በመጨረሻ ለሥነ ዜጋ መምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ እናቀርባለን፡፡ አንቀጽ 32ና 33 በትልልቅ ፊደል ተጽፈው በዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፉልን፤ አንድ የመበርበሪያ ትእዛዝ ቅጽም በክፍል ውስጥ አሳዩን፡፡ ሕጉ ራሱ ቅጹን ከአባሪው ጋር አስቀምጦታል፡፡ መልኩን የማናውቀውን ወረቀት ነገ ለባላገሩ እንዴት አድርገን እናነብለታለን? በሐሳባችን የማይስማማ ካለ ደግሞ ቦታው ክፍት ነውና ጽፎ ይለጥፍ፡፡

ከሁለተኛ ዓመት እጩ መምህራን