ካርታ ምን ያበላል?

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የካርታ ሥራ እማራለሁ ስል በመርከዝ ክሊታችን ብዙ ሰው «ካርታ ደግሞ ምን ያበላል?» ይለኛል። ያበላል። መንገድ ቀያሹም፣ ውሃ አውጪውም፣ የአምቡላንስ ሾፌሩም ያለ ካርታ አይሠሩም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

በ1፡50,000 ካርታ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው፤ በ1፡1,000,000 ላይ ግን 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቦታው ስለሚጠብ ሁሉም መንደር አይገባም። ቶፕፈርና ፒለቪትሰር የተባሉ ሊቃውንት በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሒሳብ አለ፤ በዚያ ስናሰላው፣ በመጀመሪያው ካርታ 100 መንደር ከነበረ በሁለተኛው የሚተርፈው 22 ያህል ነው። ሒሳቡ ስንት እንደሚተርፍ ይነግረናል፤ የትኛው እንደሚተርፍ ግን አይነግረንም። ያንን የሚወስነው ሰው ነው። ኮምፒዩተር ቢሠራውም ደንቡን የሚሰጠው ሰው ነው።

የጎንደሯን አምቦበርን እንውሰድ። የሕዝብ ብዛትና አስፋልት ብቻ የሚያይ ሰው ሊተዋት ይችላል። እኛ ግን የአይሁድ ትምህርት ቤት የነበረባት መንደር መሆኗን እናውቃለን። ሁሉም ይጻፍ አልልም፤ ሁሉ የታጨቀበት ካርታ አይነበብም። ግን ከመራጮቹ መሀል የእኛም ልጅ ይኑር ባይ ነኝ።

እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁ ሒሳብ ከበደን ብለው እንዳይተዉት አደራ። የመንደራችሁንም ስም ከነወንዙ ንገሯቸው። ስሙን ያልሰማ ልጅ ሲሰረዝም አያውቅም።