ያልተቆጠረ ካንሰር የለም ማለት አይደለም

“ካንሰር የከተማ በሽታ ነው” የሚለውን አባባል ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ ለቅሶ ቤት ይወራል፣ በሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ላይም ደዋዮች ሲደጋግሙት እንሰማለን። ሲሰሙት አሳማኝ ይመስላል። ከተሜው የታሸገ ምግብ ይበላል፣ የመኪና ጭስ ይተነፍሳል፣ ሲቀመጥ ይውላል። ገጠር ያለው ወገናችን ደግሞ ንጹህ አየር አለው፣ የጓሮ ጎመን አለው፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ነው የሚውለው። ታዲያ ካንሰር ከየት ይመጣበታል? እንላለን።

ይህን አባባል ዛሬ ልሞግተው ነው። ሙግቴን የምጀምረው ግን ከራሳችን አገር ሳይሆን ከአሜሪካ ነው። እዚያ ካንሰር የተገኘበት ሰው በሕግ ይመዘገባል፤ የሞተም ሰው የሞቱ ምክንያት ተጽፎ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1992 የአገሪቱ ምክር ቤት በሕግ ያቋቋመው የካንሰር ምዝገባ ፕሮግራም አለ። ገጠርን ከከተማ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የሚቻለው እንዲህ ዓይነት መዝገብ ሲኖር ነው።

አሜሪካ ከ3,100 በላይ ካውንቲዎች አሏት። ካውንቲ ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር ነው፤ እኛ ዞን ወይም ወረዳ ከምንለው ጋር ቢያመሳስሉት ብዙ አይርቁም። የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እነዚህን ካውንቲዎች የከተማና የገጠር ብሎ ለይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ዘገባ አውጥቶ ነበር። በዘገባው መሠረት ከ100 ሺህ ሰዎች መካከል በዓመት አዲስ ካንሰር የተገኘባቸው በከተማ ካውንቲዎች 457፣ በገጠር ካውንቲዎች ደግሞ 442 ነበሩ። ገጠሩ አነስ ያለ ነው። እዚህ ላይ ብናቆም “አላልኳችሁም? የከተማ በሽታ ነው” የሚለን ሰው አይጠፋም።

ግን የሞቱን ቁጥር እንይ። ከ100 ሺህ ሰዎች መካከል በካንሰር በዓመት የሚሞቱት በከተማ 158 ሲሆኑ፣ በገጠር 180 ናቸው። ልብ በሉ፣ ካንሰር ተገኘባቸው የተባሉት ያነሱበት ቦታ የሞቱት በዝተዋል። “ገጠር አዛውንት ስለሚበዛ ነው” እንዳይባል ደግሞ ሁለቱም ቁጥሮች የዕድሜ ልዩነቱ ተስተካክሎ የተሰሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት በካንሰር የሚሞተው ሰው ምጣኔ በከተማ በዓመት 1.6 በመቶ ሲቀንስ በገጠር የቀነሰው 1.0 በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱም ወደ ታች እየሄዱ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን እየሰፋ ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል? መልሱ ያለው በካንሰሩ ዓይነት ውስጥ ነው። በአሜሪካ ገጠር በዝተው የተገኙት ከትምባሆ ጋር የተያያዙት የሳንባና የማንቁርት ካንሰሮች፣ እንዲሁም የትልቁ አንጀትና የማህፀን በር ካንሰሮች ናቸው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እንመልከት። ሁለቱም ገና ካንሰር ሳይሆኑ በምርመራ ሊገኙና ሊወገዱ የሚችሉ ናቸው። እነዚህ በበዙበት ቦታ ምርመራው አልደረሰም ማለት ነው። በከተማ በዝተው የተገኙት ደግሞ የጡትና የፕሮስቴት ካንሰሮች ናቸው። እነዚህ አጥብቆ የፈለጋቸው ሰው በብዛት የሚያገኛቸው ናቸው። የጡት ራጅ ማሽን በቅርብ ባለበት፣ ሐኪሙ “የደም ምርመራ እንሥራልህ” በሚልበት ከተማ ብዙ ካንሰር ይገኛል፤ አንዳንዱም ባይገኝ ኖሮ ሰውየውን ዕድሜ ልኩን የማይጎዳው ነው።

እንግዲህ “የካንሰር ቁጥር” ስንል ሁለት ነገር አብሮ ይዞ ይመጣል። አንደኛው በሽታው ራሱ ነው። ሁለተኛው በሽታውን የፈለገው ዓይን ነው። ዓይኑ በሌለበት ቁጥሩ ይቀንሳል፣ መቃብሩ ግን አይቀንስም።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ በካውንቲ ቁጥር ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የስታቲስቲክስ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሚያሳዩት የታወቀ ካርታ አለ። በ1980ዎቹ በኩላሊት ካንሰር የሞቱ አሜሪካውያን ምጣኔ በየካውንቲው ተስሎበታል። ከፍተኛ ሞት ያለባቸውን ካውንቲዎች ስታዩ ብዙዎቹ ሰው የሳሳባቸው የገጠር ቦታዎች ናቸው። አንዱ “ሐኪም ስለሌለ ነው” ይላል። ከዚያ ደግሞ ዝቅተኛ ሞት ያለባቸውን ታያላችሁ፤ እነሱም ሰው የሳሳባቸው የገጠር ቦታዎች ናቸው! ሌላው “አየሩ ንጹህ ስለሆነ ነው” ይላል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ አይችሉም። እውነቱ ሕዝቡ ጥቂት መሆኑ ነው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ቴክሳስ ውስጥ ላቪንግ የሚባለው ካውንቲ የነበረው ነዋሪ 64 ብቻ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ደግሞ 10 ሚሊዮን ያህል ሰው አለው። 64 ሰው ባለበት አንድ ሰው ቢሞት ምጣኔው ጣሪያ ይነካል፤ ማንም ካልሞተ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ትንሽ ወረዳ የአንድ ዓመት ቁጥር አንስቶ “እዚህ ካንሰር በዛ” ወይም “እዚህ ካንሰር የለም” ማለት ከንቱ ነው። ዓመታትን መደመር፣ ጎረቤት ወረዳዎችን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የአሜሪካን ቁጥር ያነሳሁት እኛ ምን እየታየን ምን እንዳልታየን ለማሳየት ነው።

በአገራችን በሕዝብ ደረጃ ካንሰርን ሲከታተል የቆየው መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላይ የተቋቋመው የአዲስ አበባው ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ ባለሙያዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ከተመዘገቡት ሦስት ሕሙማን ሁለቱ ገደማ ሴቶች መሆናቸውን፣ የጡት ካንሰር ቀዳሚው፣ የማህፀን በር ካንሰር ተከታዩ መሆኑን ያወቅነው ከዚሁ መዝገብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት 77 ሺህ ያህል ሰው በካንሰር ይያዛል፣ 52 ሺህ ያህሉ ይሞታል። ይህን የመሰለው አገራዊ ግምት በዋናነት የቆመው በአዲስ አበባ መዝገብ ላይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ ሦስት ወይም አራት ሰው ቢይዝ ነው። ከአራት ኢትዮጵያውያን ሦስቱ የሚኖሩት ገጠር ነው። የገጠሩን ካንሰር የምናውቀው በከተማው መስታወት ነው ማለት ነው።

መስታወቱ የማያሳየው ነገር እንዳለ ደግሞ ምልክቱ አለ። የምግብ ቧንቧ ካንሰርን ውሰዱ። ምግብ መዋጥ አልችል እያላቸው ወደ ጥቁር አንበሳ ከሚመጡት ሕሙማን መካከል ከአርሲና ከባሌ የሚመጡት እንደሚበዙ ሐኪሞች ካስተዋሉት ቆይተዋል፤ ጥናትም ተሠርቶበታል። ይህ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቅ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የሚበዛበት ሰፊ ቀጠና አንድ ክፍል ነው። ምክንያቱ ገና አልተቋጨም። ከተጠረጠሩት መካከል ምግብና መጠጥን በጣም ትኩስ አድርጎ መውሰድ አለበት፤ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥ ካንሰር የማምጣት ዕድል እንዳለው ይኸው ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቋል። ነጥቤ ይህ ነው፦ የአዲስ አበባን መዝገብ ብቻ ያየ ሰው ይህን ካንሰር ከዝርዝሩ ዝቅ ብሎ ነው የሚያገኘው። ለአንድ የአርሲ ገበሬ ግን የሰፈሩ ዋና ካንሰር ሊሆን ይችላል።

አንድ ዘመዳችንን ላንሳ። የአርሲ ሰው ነበሩ፣ አክስት ብለን የምንጠራቸው። መጀመሪያ ቂጣው አልወርድ አላቸው፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ በመጨረሻ ውሃው። ሰፈሩ “መጋኛ ነው” አለ፤ ጸበል ሄዱ። በአቅራቢያቸው የነበረ አንድ ጤና ጣቢያ “ጨጓራ ነው” ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ መለሳቸው። አዲስ አበባ ሲደርሱ ጊዜው አልፎ ነበር። ያረፉት ልጃቸው ቤት ስለነበር ካርድ ሲወጣላቸው አድራሻቸው ተብሎ የተጻፈው የልጃቸው ቀበሌ ነው። አርፈው አገራቸው ተቀበሩ። እስቲ ንገሩኝ፣ የእሳቸው ካንሰር የት ተቆጠረ? አርሲ አልተቆጠረም። ተቆጥሮ ከሆነም የአዲስ አበባ ካንሰር ሆኖ ነው። “የከተማ በሽታ” የሚባለው አንዱ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ወደ አዲስ አበባ እንኳ ያልመጡትን አስቡ። ገጠር ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ቤቱ ነው። “ሆዷን ታማ ሞተች” ይባላል፣ ሣልስት ወጥቶ ያበቃል። የሞቷን ምክንያት የሚጽፍ ሐኪም የለም።

“አገሪቱ መድኃኒት አጥታ ስለ መዝገብ ታወራለህ?” የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ሰው ተራ ሲጠብቅ በሽታው ይቀድመው ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጅማን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ውጭ መከፈቱ ሸክሙን ያቀላል። ነገር ግን ቀጣዩ ማሽን የት ይተከል? የመዋጥ ችግርን የሚመረምር ኤንዶስኮፒ ለየትኛው ሆስፒታል ይቅደም? ይህን የሚመልሰው ቁጥር ነው። ገንዘብ ቁጥርን ተከትሎ ይሄዳል፤ ያልተቆጠረ በጀት አያገኝም። ስለዚህ መዝገብ ቅንጦት አይደለም።

ከአሜሪካም በዚህ በኩል የምንማረው አለ። የኬንታኪ ስቴት ምሥራቃዊ ክፍል ተራራማና ድሃ ነው፤ ካንሰርም ይጸናበታል። ስቴቱ የካንሰሩን መዝገብ እያየ፣ በየአካባቢው ኮሚቴ እያቋቋመ የትልቁ አንጀት ምርመራን አስፋፋ። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል የተመረመሩት እ.ኤ.አ. በ1999 ከመቶ 35 ያህል ነበሩ፤ በ2008 ከመቶ 64 ያህል ደረሱ። በዚህ ካንሰር የሚያዘውም የሚሞተውም ቀነሰ። ገጠር መሆን ዕጣ ፈንታ አይደለም ማለት ነው።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠራ ቀላል ምርመራም አለ። በዚህ ላይ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የትኛውም ሆስፒታል የካንሰር ሕመምተኛ ሲመዘግብ “አሁን የት አርፈዋል?” ብቻ ሳይሆን “ላለፉት ዓመታት የኖሩት የትኛው ወረዳ ነው?” ብሎ ይጠይቅ። ይህ አንድ መስመር ነው፣ በጀት አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ በሕዝብ ደረጃ የሚሠራ መዝገብ ቢያንስ በጥቂት የገጠር ዞኖች ይተከል፤ አርሲና ባሌ ይቅደሙ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በቤት የሞተን ሰው ቤተሰብ “ምን ነበር ያመማቸው? መዋጥ አቅቷቸው ነበር? ደም ፈሷቸው ነበር?” ብለው ጠይቀው እንዲጽፉ ይሠልጥኑ። ሦስተኛ፣ ጤና ሚኒስቴር የካንሰር ቁጥር ሲያወጣ ስንት ሰው እንደተያዘ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ዘግይቶ እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣም አብሮ ይንገረን።

እናንተም ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ “ገጠር ካንሰር የለም” የሚል ሰው ስትሰሙ “ማን ቆጠረው?” ብላችሁ ጠይቁልኝ። ገጠር እናት ወይም አባት ያላችሁ ደግሞ ስልክ ስትደውሉ “ደህና ነን” የሚለውን ብቻ ሰምታችሁ አትዝጉት። ምግብ ይወርድላቸው እንደሆነ፣ ጡታቸው ላይ እብጠት እንዳለ፣ ያለ ወሩ ደም እንደሚፈሳቸው ጠይቋቸው። መዝገቡ እስኪደርስላቸው ድረስ የሚጠይቃቸው ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።