አንድ ደም፣ ሦስት ውጤት፦ የኩላሊት ቁጥራችሁ ከየት ይመጣል?



የላብራቶሪ ወረቀታቸውን በስልክ አንስተው «ዶክተር፣ ኩላሊቴ 58 ነው ይላል፤ ግማሹ ሞቷል ማለት ነው?» የሚሉኝ በዝተዋል። ሰው እንዲህ የሚደነግጠው እኛ ሐኪሞች ቁጥሩን ስለማናስረዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዛሬ ላስረዳ።

እስቲ በምሳሌ እንየው። የ60 ዓመት ሰው ነው፣ ወንድ፣ ክሬያቲኒኑ 1.4። ሲኬዲ-ኤፒ በሚባለው የ2009 ቀመር ሲሰላ 54 ይወጣል። እዚያው ላይ «ጥቁር» የሚለውን ስትነኩት 63 ይሆናል። በ2021 በተሻሻለው ቀመር ደግሞ 58። ደሙ አንድ፣ ሰውየው አንድ፣ ውጤቱ ሦስት! መለያው መስመር 60 ስለሆነ ይሄ ቀልድ አይደለም። በአንዱ ስሌት «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል፣ በሌላው ክትትል ይጀምራል።

ለምን? ቁጥሩ ስላልተለካ ነው። ላብራቶሪው የሚለካው ክሬያቲኒንን ብቻ ነው። የማጣራት አቅሙ በሪግሬሽን ቀመር ይገመታል። ተመራማሪዎች የብዙ ሺህ ሰዎችን የኩላሊት አቅም በልዩ ምርመራ ለኩ። ከዚያ ከክሬያቲኒን፣ ከዕድሜና ከጾታ ጋር ያለውን ዝምድና አይተው ለሁሉም በአማካይ የሚቀርበውን መስመር አወጡ። ሪግሬሽን ማለት ይሄው ነው።

ልምድ ያለው ልብስ ሰፊ አይቷችሁ ብቻ «ለአንቺ ሦስት ሜትር ይበቃል» ይል የለ? ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። ግን ዓይኑ ሜትር አይደለም። የለመደው ደግሞ የራሱን ሰፈር ደንበኞች ነው።

የኩላሊቱ ቀመርም እንደዚያው ነው። 63 ያመጣው «የጥቁር» ማባዣ (1.159) የተወሰደው በአሜሪካ ከሚኖሩ ጥቁሮች መረጃ ነው። በ2021 የአሜሪካ የኩላሊት ማኅበራት ራሳቸው ይቅር ብለዋል። በማላዊ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የተሠራ ጥናትም በክሬያቲኒን የሚሰሉ ቀመሮች የኩላሊትን አቅም አጋንነው እንደሚያሳዩ አግኝቷል። ታዲያ አዲስ አበባ ላለ ታካሚ ያንን ማባዣ የምንጠቀምበት ምክንያት ምንድን ነው? የቆዳ ቀለም ስለ ኩላሊት አይናገርም። በእኔ እምነት ማባዣው ከስልካችንም ከላብራቶሪዎቻችንም መውጣት አለበት። ውጤቱ ላይም የቀመሩ ስም ይጻፍ።

«እና ቀመሩን እንተወው?» አይ! ክሬያቲኒንን ብቻ ከማየት በብዙ ይሻላል። ግን እንደ ግምት ያዙት፦

✅ በአንድ ውጤት አትደንግጡ፣ አትዘናጉም። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ለመባል ችግሩ ከ3 ወር በላይ መቆየት አለበት።
✅ የሽንት አልቡሚን ምርመራም ጠይቁ። ቁጥሩ ከ60 በላይ ሆኖ ኩላሊት የተጎዳ ሊሆን ይችላል። በተለይ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባችሁ ይሄን አትለፉት።
✅ ጂም የምትሠሩ፣ ክሬያቲን የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም እግር የተቆረጠላችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ቀመሩ ለእናንተ በደንብ አይሠራም። ከምርመራው በፊት ብዙ ሥጋ መብላትም ክሬያቲኒንን ከፍ ያደርጋል።
✅ ውጤታችሁ ዝቅ ካለ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ አትግዙ።

ቀመሩ የሚያውቀው አማካዩን ሰው ነው። እናንተን ማወቅ ያለበት ሐኪማችሁ ነው። «በየትኛው ቀመር ነው የተሰላው?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ አትፈሩ።

ወላጆቻችሁ ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ ይሄንን ላኩላቸው።