ምስጢሩ ለሕፃኑ ነው ወይስ ለቢሮው?

ለመካኒሳ ነዋሪዎች በሙሉ፤

እናታቸው የሞተችባቸው ሁለት የሰፈራችን ልጆች ወደ ማሳደጊያ ከተወሰዱ ወዲህ፣ አክስታቸው «የት አደረሳችኋቸው?» እያለች ሦስት ወር ሙሉ ተመላለሰች። «ነገ ነይ» እየተባለች ጫማዋ አለቀ። እኛም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘን ብንሄድ ያገኘነው መልስ «የሕፃናት ጉዳይ ምስጢር ነው» የሚል ብቻ ነው። የእናቲቱን ቀብር ያስፈጸምን ዕድርተኞች፣ ልጆቹን በየተራ ያበላን ጎረቤቶች፣ ባዳ ሆነን ቀረን።

ምስጢር መጠበቁን አንቃወምም። የልጅ ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የደረሰበት በደል አደባባይ መውጣት የለበትም። ነገር ግን ምስጢሩ ሕፃኑን ለመጠበቅ ነው እንጂ የቢሮ ሰው ስንፍናና ጥፋት እንዲሸፈንበት አይደለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ያየነው ነው እኮ! ልጆቻችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር በብዛት በሚሄዱበት ዘመን፣ ወላጆቻቸው በሕይወት እያሉ «ወላጅ አልባ» ተብለው የተመዘገቡ ነበሩ። እናት መኖሯን ጎረቤት ያውቃል፤ ግን ጎረቤትን ማን ጠየቀ? በ2000 ዓ.ም ወደ አሜሪካ የተወሰደችው ሐና ዓለሙ፣ ስትራብና ስትደበደብ ኖራ ግንቦት 2003 ዓ.ም በብርድ ደጅ ላይ ሞተች። አሳዳጊዎቿ በ2006 ዓ.ም በዚያው አገር ፍርድ ቤት የረዥም ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የኛም ምክር ቤት ጥር 2010 ዓ.ም የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ከለከለ። ደግ አደረገ። ታዲያ እዚሁ ለቀሩት ልጆች ማን ነው የሚጠየቀው?

ሕጉ ከኛ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት እንዲቀድም ያዛል። በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 590ም መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ደንግጓል። «ነገ ነይ» የሚል አንቀጽ የትም የለም!

ስለዚህ ሕፃናት የሚረከብ ቢሮና ማሳደጊያ ሁሉ፦

1ኛ/ ስንት ሕፃን እንደገባ፣ ስንቱ ወደ ዘመዱ እንደተመለሰ፣ ስንቱ ለአሳዳጊ እንደተሰጠ፣ ያለ ስም ቁጥሩን ብቻ በየሦስት ወሩ በሰሌዳ ይለጥፍ።

2ኛ/ ልጁ የት እንዳለ ለቅርብ ዘመድ በጽሑፍ ያሳውቅ። የሚከለክል ከሆነም ምክንያቱንና አቤት የሚባልበትን ቦታ ጽፎ ይስጥ።

3ኛ/ የተሰጡትን ልጆች ማን፣ መቼ ሄዶ እንዳያቸው ያሳይ።

እናንተም ወገኖች፣ ልጅ ሲወሰድ መጋረጃ ገልጦ እያዩ ዝም ማለት ይብቃ። «ማን ወሰደው? በምን ወረቀት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑን ጻፉ፤ ለማኅበሩ አመልክቱ። እኛም ደብዳቤያችንን ይዘን ተመልሰን እንሄዳለን፤ የሚሰጠንንም መልስ እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። መልስ ካጣንም ማጣታችንን እንለጥፋለን።

የልጅ አደራ የተቀበለ መልስ ይስጥ!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
መካኒሳ