መንግሥት ሲዘጋ እንጮኻለን፤ እኛስ?

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲሰጥ ፌስቡክና መሰሎቹ በመላ አገሪቱ ተዘጉ። የተሰጠው ምክንያት የተማሪዎች ሐሳብ እንዳይከፋፈል የሚል ነበር። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በፈተናው ወቅት ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ተቆጣን፤ እንደ ሕፃን ተቆጠርን አልን። ቁጣችን ተገቢ ነበር። የሚያስገርመው ያንኑ እርምጃ፣ በዚያው ምክንያት፣ በገዛ ቤታችን በ15 እና በ16 ዓመት ልጆቻችን ላይ ስንፈጽም ምንም አለመሰቀቃችን ነው።

የምሟገተው ልጅ ስልክ ታቅፎ ይደር ብዬ አይደለም። በእውቀት ዙሪያ ተሰባስበው ከሚጽፉና ከሚተራረሙ የኢንተርኔት ማኅበረሰቦች ጋር መቀላቀል ለሚሻ ወጣት «አይሆንም» ብቻውን መልስ አይደለም እላለሁ።

የወላጆች ስጋት መሠረት የለውም አልልም። ማንነቱን ደብቆ ልጅ የሚያጠምድ አለ፤ በፎቶግራፍ የሚያስፈራራ አለ፤ በብሔር መሰዳደቡም አለ። ነገር ግን ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ክልከላን የሚደግፉ ወገኖች አውስትራሊያን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዋና ዋናዎቹ የማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው የሚያግደው ሕግ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ይሁንና ሕጉ የሚቀጣው ኩባንያዎችን እንጂ ልጁን ወይም ወላጁን አይደለም፤ የፕሮግራም ጸሐፊዎች መገናኛ የሆነውን ጊትሃብን የመሰሉትም ከእገዳው ውጭ ናቸው። ጠበቃ ያደረጋችኋት አገር እንኳ ለይታ ከለከለች እንጂ በጅምላ አልዘጋችም።

የአማርኛውን ዊኪፔዲያ እንውሰድ። ለመጻፍ እውነተኛ ስምም ሆነ ፎቶግራፍ አይጠየቅም። እያንዳንዱ እርማት ከነሰዓቱ ይመዘገባል፤ ወላጅ ከፈለገ ልጁ በተጠቃሚ ስሙ የጻፈውን አንድ በአንድ መመልከት ይችላል። ጎረቤት ስለሚውል ልጁ ይህን ያህል የሚያውቅ ወላጅ ማን ነው? የእንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የእኛው ገና 15 ሺህ ገደማ ላይ ነው። አንድ ታዳጊ ስለ ጣና ሐይቅ ጽፎ የማያውቀው ሰው «ማስረጃህ የታለ?» ብሎ ሲሞግተው የሚቀስመውን ትምህርት እኔ በአንድ ሴሚስተር ላስተምረው አልችልም።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ ሳያቦካ ግን መቼም አይለምድም። እንደ መምህር የማየው ይህንኑ ነው። ቤት ውስጥ ተከልክለው የኖሩ ተማሪዎች ግቢ በገቡ በሳምንቱ ሁሉንም ይከፍታሉ፤ የደረሳቸውን ወሬ ሳያጣሩ ያሠራጫሉ። የማመዛዘን ችሎታ 18 ዓመት በሞላ ማግሥት አይወርድላቸውም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ሊገባበት የሚፈልገውን ቦታ ልጁ ራሱ ያሳያችሁ፤ ደንቡን አብራችሁ አንብቡ። ስሙን፣ ትምህርት ቤቱን፣ አድራሻውንና ፎቶግራፉን እንዳይሰጥ፣ በግል የሚጽፍለት እንግዳ ሲመጣ እንዲነግራችሁ ተስማሙ። እናንተም በበኩላችሁ፣ ክፉ ነገር ገጥሞት ቢነግራችሁ ስልኩን እንደማትነጥቁት ቃል ግቡ። ቅጣት የሚፈራ ልጅ የሚደብቀው አጥማጁን ነውና፣ ትልቁ ጥበቃ ይህ ቃል ነው።

መንግሥትን «በጅምላ አትዝጋ፤ ምክንያትህን አስረዳን፤ አድምጠን» ስንል ኖረናል። ልጆቻችን የሚጠይቁን ከዚህ የተለየ አይደለም።