«ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች»፦ ሰዋስው ወይስ ሳይንስ?

ልደታ አካባቢ የሚኖር የአንድ ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተር በቅርቡ እጃችን ገብቶ ነበር። መልመጃው የአሁን ጊዜ ግሥን የሚመለከት ነው። «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች» የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ታዞ «ዊል ራይዝ» ብሏል፤ መምህሩም በቀይ ሰርዘው «ራይዝስ» ሲሉ አርመውታል። እርማቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ልጁ «የሳይንስ መጽሐፋችን የምትዞረው መሬት ናት ይላል፤ ታዲያ ፀሐይ እንዴት ትወጣለች?» ብሎ ሲጠይቅ ያገኘው መልስ «ይህ የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ነው» የሚል እንደነበር ነገረን። በዚህ መልስ አንስማማም።

በአማርኛ «ትወጣለች» የሚለው ግሥ ለዘወትሩም ለነገውም ያገለግላል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን በአብዛኛው በተለያየ ቅርጽ ይለያቸዋል። የልጁ ስሕተት ከዚህ የመነጨ እንጂ ከስንፍና አይደለም። ከቅርጹ በስተጀርባ ደግሞ ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ «ዘወትር እንዲህ ይሆናል» ማለት ስለ ተፈጥሮ የሚሰጥ ጠቅላላ ፍርድ ነው። ጠቅላላ ፍርድ ሁሉ መፈተን አለበት።

እስቲ እንፈትነው። ፀሐይ በትክክል ከምሥራቅ የምትወጣው በመጋቢት 11 እና በመስከረም 12 ገደማ ብቻ ነው። የልደታ በዓል በሚከበርበት በግንቦት 1 ቀን አዲስ አበባ ላይ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን 17 ዲግሪ ያህል ርቃ ትወጣለች፤ በታኅሣሥ 12 ገደማ ደግሞ ወደ ደቡብ 24 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። በግንቦት 1 እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላው ወደ ደቡብ ያርፋል፤ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን። በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 24 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ሲሆን፣ እንጨቱ ጥላ የለውም ለማለት ይቻላል። ምክንያቱ የመሬት ዛቢያ 23.4 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ መሆኑና ከተማችንም ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9ኛው ዲግሪ ላይ መገኘቷ ነው።

እንግዲህ ልጆች በየወሩ ጥላ ለክተው የሚያዩትን በአሁን ጊዜ ግሥ ቢጽፉ፣ በአንድ ሥራ ሰዋስውንም ሥነ ፈለክንም ይማራሉ። «ጥላው ያጥራል»፣ «መሬት በዛቢያዋ ላይ ትሽከረከራለች»፣ «በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ያን ጊዜ የሽምደዳ ሳይሆኑ የገዛ ዓይናቸውና የአእምሯቸው ፍሬ ይሆናሉ።

መሣሪያ የለንም የሚሉ ይኖራሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ እንጨት፣ ጥቂት ጠጠርና ገላጣ ግቢ ነው። «ፀሐይ ትወጣለች» ማለት ይቅር የምንልም አይደለንም፤ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም እንዲሁ ይላሉ። የምንለው፣ አባባሉ እኛ ከቆምንበት የሚታየውን የሚገልጽ መሆኑ ለልጁ ይነገረው ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ የታየው ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ሰዓቱ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ይህ የተቻለው «ዘወትር እንዲህ ይሆናል» የተባለው ተለክቶ፣ ተፈትኖ ስለተገኘ ነው። የዘወትሩን በሚገባ ያወቀ የነገውን ይናገራል። ስለዚህ የልጁ «ዊል ራይዝ» ከቀይ መስመር ይልቅ ውይይት ይገባው ነበር። የቋንቋና የሳይንስ መምህራኖቻችን በወር አንድ ቀን አብረው ወደ ግቢው ቢወጡ፣ ለዚህ ልጅ ጥያቄ የሚመጥን መልስ ከዚያ ያገኛሉ ብለን እናምናለን።